ከቴንዱልካር በፊት ሄድሊ ይግባ

ጅማ ላይ አንዱን የኳስ ወዳጅ ይዛችሁ የአባ ጅፋርን የምንጊዜም ምርጥ አስራ አንድ አውጣ በሉት። በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ካነሳው ቡድን አጥቂዎቹን ቶሎ ቶሎ ይጠራና ተከላካይ ላይ ሲደርስ ቡናውን ፉት ማለት ይጀምራል። የክሪኬት ወዳጆችም ከዚህ አይሻሉም። የምንጊዜም ምርጥ መቺዎችን ምረጡ ሲባሉ የህንዱን ቴንዱልካር፣ ላራ፣ ሪቻርድስ ብለው ይደረድራሉ፤ አዲሱን ኳስ ማን እንደሚጋፈጥ ግን ትዝ አይላቸውም።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ መቺው የተወረወረለትን ኳስ መትቶ እየሮጠ ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ ያስቆጥራል። ከኋላው የተተከሉት ሦስት እንጨቶች በኳሱ ከተመቱ፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ ወጣ ማለት ነው። ያስቆጠረው ራን ለወጣበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል አማካዩ ይገኛል። ቴስት በሚባለው፣ ለቀናት በሚዘልቀው ጨዋታ አማካዩ ከ50 ያለፈ መቺ ከታላላቆቹ ተርታ ይቆጠራል።

የአውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን 99.94 ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገባ አራት ራን ቢያገኝ ድፍን 100 ይሞላለት ነበር፤ በሁለተኛው ኳስ ባዶ እጁን ወጣ። በየተራቸው የሚገቡ ስድስት መቺዎችን ስመርጥ ሦስተኛው ቦታ የእሱ ነው፣ አያከራክርም።

የሚያከራክረው ከእሱ በፊት የሚገቡት ሁለቱ ናቸው። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ህንዳውያን መምህራን በእረፍት ቀናቸው ሲጫወቱ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የቴኒስ ኳስ ወስደው አንዱን ጎን ብቻ በኤሌክትሪክ ናስትሮ ይለብጡታል፤ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይመጣና መድረሻው ላይ ወደ ጎን ይታጠፋል። የቆዳውም ኳስ አዲስ ሳለ እንዲሁ ነው፣ ያውም ድንጋይ የሚያህል ጥንካሬ ይዞ። ይህን ተቋቁሞ ለሌሎቹ መንገድ መጥረግ ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ሁለቱን ቦታዎች ለእንግሊዙ ጃክ ሆብስና ለህንዱ ሱኒል ጋቫስካር ሰጥቻለሁ። ሆብስ ዝናብ ባበላሸው ሜዳ ላይ እየመታ በ46 ዓመቱ ሳይቀር በቴስት ሴንቸሪ፣ ማለትም በአንድ መግቢያ 100 ራን ወይም ከዚያ በላይ፣ ሠርቷል። ጋቫስካር ከ34 ሴንቸሪዎቹ 13ቱን ያገባው በካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን በዌስት ኢንዲስ ላይ ነው።

አራተኛው ቦታ ላይ የጻፍኩት ስም ግን ከመምህራኑ ጋር ያጣላኛል፦ ጆርጅ ሄድሊ። ፓናማ ተወልዶ ጃማይካ ያደገ፣ በ1930 ለዌስት ኢንዲስ መጫወት የጀመረ ጥቁር መቺ ነው። በ22 ቴስት 10 ሴንቸሪ አለው፤ አማካዩ 60.83። ቡድኑ ገና ጀማሪ ስለነበር ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ፤ በግሪክ ተረት ሰማይን በተሸከመው ግዙፍ ስም አትላስ የሚል ቅጽል የወጣለትም ለዚህ ነው። በ1939 ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ 106 እና 107 አስቆጥሮ፣ በዚያ ሜዳ በአንድ ቴስት ሁለት ሴንቸሪ የሠራ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያኔ ዕድሜው 30 ነበር። ወዲያው ጦርነቱ መጣና የቀረውን ጉብዝናውን በላው።

22 ጨዋታ ምን አላት ይሉኛል። ሳቺን ቴንዱልካር በ16 ዓመቱ ጀምሮ 24 ዓመት ሙሉ 200 ቴስት ተጫውቷል፤ 15,921 ራን፣ 51 ሴንቸሪ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሆኖም የጨዋታ ብዛት የመቺው ሥራ አይደለም፤ ዘመኑና ፕሮግራም አውጪው የሚሰጡት ነው። መቺው ራሱ የሚሠራው አማካዩን ነው፤ እዚያ ላይ ቴንዱልካር 53.78 ነው።

እኛ ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መንግሥቱ ወርቁ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ስንረታ አራተኛዋን ጎል አገባ፤ በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አለው። ያኔ ዋንጫው የመጣው በሁለት ጨዋታ ነው፤ ዛሬ ሻምፒዮን ለመሆን ሰባት መጫወት ግድ ነው። መንግሥቱን በጨዋታ ብዛት የሚመዝን ኢትዮጵያዊ እስካሁን አልገጠመኝም።

በዚህ ሚዛን የደቡብ አፍሪካው ግሬም ፖሎክም መግባት ነበረበት የሚል ይኖራል፤ በ23 ቴስት አማካዩ 60.97 ነው፣ በ1970 አገሩ በአፓርታይድ ምክንያት ስትታገድ መንገዱ ተቆረጠ። እኔ አላስገባውም። ሕጉን እሱ አላወጣውም፤ ነገር ግን ነጮች ብቻ የሚሰለፉበት ቡድኑ የሚገጥመው እንግሊዝን፣ አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን ብቻ ስለነበር የዌስት ኢንዲስን ፈጣን ወርዋሪዎች በቴስት አላያቸውም። ሄድሊ ላይ በር ተዘጋበት፤ የፖሎክ ቡድን በር ዘጊ ነበር።

አምስተኛው ቪቪያን ሪቻርድስ ነው፤ ያለ ሄልሜት፣ ማስቲካውን እያኘከ የዘመኑን ፈጣኖች የጠበቀ። ስድስተኛው ጋሪ ሶበርስ፤ በ1958 ሳይወጣ 365 ያገባ፣ ሲያሻው ፈጣን ሲያሻው የሚሽከረከር ኳስ የሚወረውር፣ አንድ ደመወዝ ከፍለህ ሦስት ሰው የምትቀጥርበት ዓይነት። በ2004 ሳይወጣ 400 ያስቆጠረው ብራያን ላራ ውጭ ቀርቷል፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱን መተው ነው። የመጀመሪያው ተጠባባቂ ቴንዱልካር ነው። ሪቻርድስ ከተጎዳ እሱ ይገባል፤ ሄድሊ ግን ከአራተኛው ቦታ አይነቃነቅም።