የብረት ድስት ይዞ የሸፈተው ሰው

ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ውስጥ ከሐበሻ ጋር ቡና ከጠጣችሁ ይህን ቀልድ ሳትሰሙ አትወጡም። አንዱ መኪና ያለቦታው አቁሞ ይቀጣል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ይወረውርና «ምን ይደረግ፣ የሌባ ዘር አይደሉ!» ይላል። ሁላችንም እንስቃለን። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

የቀልዱ መነሻ የታወቀ ነው። እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከ160,000 በላይ እስረኞችን በመርከብ እየጫነች አውስትራሊያ አራግፋለች። አብዛኞቹ የተፈረደባቸው በስርቆት ነበር። የአገሬው ሰው ድሮ እንዲህ ያለ አያት ካለው ይደብቅ ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። በመጀመሪያዎቹ 11 መርከቦች የመጣ ሌባ ቅድመ አያት ያለው ሰው፣ እኛ ዘንድ የደጃዝማች የልጅ ልጅ ነኝ እንደሚለው ይኮራል።

ይኩሩ። እኔን የሚከነክነኝ የትኛውን ሌባ መርጠው እንደሚኮሩበት ነው።

ኪሳችሁ ውስጥ ባለ 20 ዶላር ኖት ካለ አውጡት። መነጽር ያደረገችው፣ ቆብ ያጠለቀችው ሴትዮ ሜሪ ሪቢ ትባላለች። በ13 ዓመቷ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ በወንድ ስም እየተጠራች፣ ፈረስ ሰረቀች ተብላ 7 ዓመት ግዞት ተፈረደባት። ሲድኒ የደረሰችው በ1792 ነው። አገባች፣ በ1811 ባሏ ሞተ፣ ሰባት ልጆች ይዛ ንግዱን ብቻዋን ተረከበች። መርከብ፣ መጋዘን፣ መሬት፣ ቤት። ሀብታም ሆና አረጀች። ጎበዝ ሴት ነበረች፣ ምንም አይወጣላትም። (ከሷ በፊትም የድሮው ባለ 10 ዶላር ላይ ፍራንሲስ ግሪንዌይ የሚባል አርክቴክት ነበር። እሱ የተጋዘው ሰነድ በማጭበርበር ነው። አጭበርባሪን ገንዘብ ላይ ማተም! ይህን ቀልድ ግን እወድላቸዋለሁ።)

እንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ለሁሉም ይመቻል። ሰርቃ መጣች፣ ሠራች፣ ከበረች። ስደተኛም ይወደዋል፤ እኛ ራሳችን ለልጆቻችን የምንነግረው ይህንኑ አይደል? ችግሩ፣ ይህን ታሪክ ብቻ ሲሰሙት ግዞቱ ራሱ ሥራ ማስጀመሪያ ብድር ይመስላል። እኔ ብጠየቅ አንድ ሌላ ሰው ነው የምጠራው። ስሙ ጆን ሲዛር ነው። በዘመኑ «ብላክ ሲዛር» ይሉት ነበር፣ ጥቁሩ ቄሳር።

በ1786 ለንደን አጠገብ፣ ዴትፎርድ በምትባል የወደብ ሰፈር የሰው ቤት አገልጋይ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከአንድ ሰው ቤት 12 ፓውንድ ከ4 ሺሊንግ ሰርቀሃል ተብሎ ሜይድስቶን ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበ። ያኔ ከመኖሪያ ቤት 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ነገር የሰረቀ ሊሰቀል ይችላል። የሱ ከዚያ ስድስት እጥፍ ነው። 7 ዓመት ግዞት ተፈረደበትና አሌክሳንደር የተባለችው መርከብ ላይ ተጫነ። ከፖርትስመዝ የተነሱት ግንቦት 13 ቀን 1787 ነው። ከስምንት ወር በላይ ባሕር ላይ ቆይተው ጥር 1788 አውስትራሊያ ደረሱ።

የደረሱበት ቦታ እርሻ የለም፣ ገበያ የለም። ሁሉም የሚበላው መርከቦቹ ካመጡት መጋዘን ነው። ስለዚህ ቅኝ ግዛቱ ውስጥ ትልቁ ወንጀል መግደል ሳይሆን መጋዘን መንካት ሆነ። ከደረሱ ወር እንዳለፋቸው ቶማስ ባሬት የተባለ እስረኛ ምግብ ሰረቀ ተብሎ ተሰቀለ። በቅኝ ግዛቱ በፍርድ የተሰቀለ የመጀመሪያው ሰው ነው። በዓመቱ፣ መጋቢት 1789፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ የተሰበረ ቁልፍ ተገኘ። ቢጣራ ጠባቂዎቹ ወታደሮች ለካ አስመስለው ባሠሩት ቁልፍ እየገቡ ለወራት ሲያወጡ ኖረዋል። ስድስቱ ተሰቀሉ። ልብ በሉ፣ ጠባቂዎቹ ናቸው።

ሲዛር ሁለተኛ ጊዜ በስርቆት የተከሰሰው ከዚህ አንድ ወር በኋላ ነው።

ስለሱ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር የጻፈልን የቅኝ ግዛቱ የሕግ ሹምና ዳኛ ዴቪድ ኮሊንስ ነው። ኮሊንስ አይወደውም። በአእምሮው ከእንስሳ ብዙም አይለይም ብሎ ጽፎበታል። ግን የዚያው ሰው ብዕር ሌላም ነገር አምልጦታል። ሲዛር ጡንቻማ ነው፣ ለከባድ ሥራ የተፈጠረ ነው፣ ታታሪ ነው ይላል። የሁለት ቀን ቀለብ በአንድ ቀን ይጨርሳል ይላል። የሚሰርቀውም ይህን ሆዱን ለመሙላት ብቻ ነው ይላል።

እስቲ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ዳኛው ራሱ ሰውየው ስለራበው ነው የሚሰርቀው እያለ ነው። ገዢው አርተር ፊሊፕ ለእስረኛውም ለወታደሩም ወንድ ሁሉ እኩል ቀለብ እንዲሰፈርለት አዝዞ ነበር። ለዘመኑ ትልቅ ፍትሕ ነው፣ አላንቋሽሽም። ሴቶች ግን ሁለት ሦስተኛ ነው የሚደርሳቸው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲጎትት የሚውል ግዙፍ ሰውና ጥላ ሥር ተቀምጦ መዝገብ የሚይዝ ሰው እኩል ሲሰፈርላቸው፣ አንዱ ይጠግባል፣ ሌላው ሌባ ይሆናል። ኮሊንስ ግን ይህን የሰፋሪው ጥፋት አላደረገውም። የሆዱ ጥፋት አደረገው።

ግንቦት 1789 ሲዛር ሸፈተ። አማርኛችን ለዚህ ቃል አያንሰውም፤ ጫካ ገባ። ይዞ የወጣው ትንሽ ስንቅ፣ ከአንድ ወታደር የሰረቀው ጠመንጃና አንድ የብረት ድስት ነው።

ጠመንጃውን ሁሉም ይጽፈዋል። የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ሽፍታ ያሰኘው እሱ ነውና። እኔ ግን ድስቱን ነው የማስበው። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ሽማግሌ እስረኛ ቀለብ ሊቀበል መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሳለ ወደቀ። በማግስቱ ሞተ። ሆዱን ሲከፍቱት ባዶ ነበር። ቀለብ ተከልክሎ አይደለም፤ እንደሌላው ይሰፈርለታል። የሌለው ድስት ነበር። ድስት ለሚያውሰው ሰው ከዚያችው ቀለብ ላይ ቆርሶ ይከፍላል። መክፈሉ ሲያንገበግበው ደግሞ ሩዙን ጥሬውን ይቆረጥማል። ይህንንም የጻፈው ያው ኮሊንስ ነው።

እንግዲህ ድስት ማለት ያኔ እዚያ ይህ ነበር። ሲዛር ሲሸፍት ድስት መያዙ እንስሳ ስለሆነ አይደለም። ነገ ምን እንደሚያስፈልገው አስቦ የወጣ ሰው ነው።

ሰኔ ላይ ተያዘ። ከሰቀላችሁኝ ገመዱ ሳይጠብቅ ሰቃዩ ላይ አንድ ቀልድ ሠርቼ ሰውን አስቃለሁ ብሎ ዛተ። ፊሊፕ ይህን ሰው መስቀል ማንንም አያስፈራም ብሎ ነው መሰለኝ፣ በሰንሰለት አስሮ ጋርደን አይላንድ ወደምትባለው ደሴት አትክልት እንዲሠራ ላከው። ኅዳር 1789 የወንዶቹ ቀለብ በአንድ ሦስተኛ ተቆረጠ። ታኅሣሥ ላይ ሲዛር ታንኳ ሰርቆ ጠፋ። ሁለቱ ነገሮች አልተገናኙም የሚለኝ ካለ ልስማው።

ቅዱስ አላደርገውም። ጫካ ውስጥ የኖረው የአገሬውን ተወላጆች በጠመንጃ እያስፈራራ ከእሳታቸው ላይ ምግባቸውን እየነጠቀ ነው። ጠመንጃው ከእጁ ሲወጣ ግን በጦር ወጉት። ቆስሎ ጥር መጨረሻ ላይ ራሱ ተመለሰ፣ ወሬም ይዞ መጣ። የጠፉትን የመንግሥት ከብቶች አገኘኋቸው፣ ልነዳቸው ስል ነው የወጉኝ አለ። ማንም አላመነውም፣ እኔም አላምነውም። (ከብቶቹ ግን በሕይወት ነበሩ። በ1795 ተራብተው ተገኙ።)

ቀጥሎ ኖርፎክ ደሴት ላኩት። ይህ ክፍል ነው በጣም የሚያሳዝነኝ። በ1791 አጋማሽ ላይ ቁራሽ መሬት እያረሰ ራሱን ይመግባል። አንድ አሳማ ተሰጠው። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ኤከር መሬት ደረሰው፣ ከሳምንቱ ሦስት ቀን ለመንግሥት ይሠራል። አን ፓወር ከምትባል ሴት መጋቢት 1792 ሴት ልጅ ወለደ። መሬት፣ አሳማ፣ ልጅ። ከሜሪ ሪቢ ታሪክ መጀመሪያ ጋር ሲተያይ ምኑ ያንሳል? እሷም ያኔ ገና ሲድኒ አልደረሰችም።

በ1793 ወደ ሲድኒ መለሱት። ልጅቷና እናቷ እዚያው ደሴቱ ላይ ቀሩ። በዓመቱ ጠፋ፣ ተያዘ፣ ክፉኛ ተገረፈ። ይህ ሁሉ የተሻልኩ ሰው አያደርገኝም አላቸው። እኔ ትዕቢት አልለውም፤ ሰውየው ስምንት ዓመት ሙሉ ሲገረፍና ሲታሰር ኖሮ ውጤቱን በራሱ ገላ ላይ አይቶታል።

በ1795 መጨረሻ ቦተኒ ቤይ አጠገብ ከፔሙልዊ ጋር ተጋጨ። ፔሙልዊ ሰፋሪዎቹን ለዓመታት እንቅልፍ የነሳ የአገሬው ተዋጊ ነው። ሲዛር ጭንቅላቱን ፈነከተው። ለአንድ ሰሞን ገደለው ተብሎ ተወራ፣ ግን አልሞተም። ቅኝ ግዛቱ የሚፈራውን ሰው የመታለት ሲዛር ነው፤ የተረፈው ነገር ግን የለም። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ጫካ ገባ። ሌሎች ጠፍተው የወጡ እስረኞችም ተከተሉት። ሰፋሪዎች ጥይት እንዳይሰጡት ታዘዘ።

ጥር 29 ቀን 1796 ገዢው ጆን ሀንተር ጠመንጃውን ይዞ ሲዛርን ለሚያመጣ ሰው 5 ጋሎን አረቄ እንደሚሰጥ አወጀ። በእኛ ልክ አንድ ጀሪካን መሆኑ ነው። አረቄ ያኔ ሲድኒ ውስጥ መጠጥ ብቻ አልነበረም። ደሞዝ የሚከፈልበት፣ እህል የሚገዛበት፣ የከተማዋ ገንዘብ እሱ ነበር።

ሁለት ሳምንት ከምናምን በኋላ፣ የካቲት 15፣ ዛሬ ስትራትፊልድ በሚባለው የሲድኒ ሰፈር ጆን ዊምቦው የሚባል ሰው አድብቶ ተኮሰበት። ሲዛር ወዲያው አልሞተም። ተሸክመው አጠገብ ወደነበረ የሰፋሪ ጎጆ አስገቡት፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እዚያ ሞተ። ኮሊንስም መዝገቡ ላይ ከእንስሳ አንድ እርከን ብቻ ከፍ ይል ነበር ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።