ምርኮ አውሮፕላን በነፃ አይበርም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የወታደራዊ ታሪክ ውይይት ላይ የተጋበዙ ተንታኝ፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1942 የቪሺን ግዛት (እስከዚያ ያልያዘችውን የፈረንሳይ ክፍል) ስትይዝ ከ240 በላይ ዴዎቲን ዲ 520 የተባሉ የፈረንሳይ ተዋጊ አውሮፕላኖችን «ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ» አግኝታ የአብራሪ ማሠልጠኛ ችግሯን እንደፈታች ነገሩን። አወያዩ፣ የጀርመኑን ተዋጊ አውሮፕላን ሜሰርሽሚት 109 ለማብረር የሚዘጋጅ ልጅ በፈረንሳይ አውሮፕላን ምን ይማራል ብሎ ሲጠይቃቸው ደግሞ «አብራሪ አብራሪ ነው፤ አንዱን ያበረረ ሌላውንም ያበርራል» ብለው አለፉት።

እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ፈረንሳይ ከአሜሪካ አዝዛ የገዛቻቸው፣ ኋላም ጀርመኖች ለማሠልጠኛ የተጠቀሙባቸው ከርቲስ ኤች-75 አውሮፕላኖች ትሮትላቸው (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው እጀታ) በፈረንሳዮች ልማድ የተገጠመ ነበር፤ የሞተሩ ኃይል የሚጨምረው እጀታው ወደ ኋላ ሲሳብ ነው። ሠልጣኙ ግን በጀርመን መለማመጃዎች ላይ እጁን ያስለመደው ወደ ፊት መግፋት ነው። ሊያርፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ወረደበት እንበል። ደንግጦ ኃይል ለመጨመር እጀታውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ሞተሩ ዝም ይላል። ከመሬት ጥቂት ሜትር ላይ ስህተትን ለማረም ጊዜ የለም። እንግሊዞች ያንኑ አውሮፕላን ሞሃውክ ብለው ሲረከቡ ትሮትሉን ወደ ራሳቸው አቅጣጫ የገለበጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ደንግጦ የሚሠራው እጅ ነው፤ እጅ ደግሞ የለመደውን ያደርጋል። «አብራሪ አብራሪ ነው» የሚሉ ሰው ይህን አያውቁም ማለት ነው።

«ያለ ወጪ» ወደሚለው ልምጣ። ሜሰርሽሚት ጠዋት ሲነሳ መካኒኩ በአፍንጫው ጎን ማንቬላ ያስገባና የማስነሻውን ከባድ ጎማ እያጦዘ ያሽከረክረዋል፤ ከዚያ አብራሪው እጀታ ስቦ ከሞተሩ ጋር ያገናኘዋል። ዲ 520 እንዲህ አይነሳም። የሂስፓኖ-ስዊዛው 12 ሲሊንደር ሞተር የሚነሳው በታመቀ አየር ነው፤ ያው አየር ፍላፖቹን (ለማረፍ ከክንፉ ጀርባ የሚወርዱትን ሳንቃዎች) እና የመሣሪያዎቹን መተኮሻም ያንቀሳቅሳል። አንድ የአየር ቱቦ መጋጠሚያ ካፈሰ፣ ሌሊቱን አየሩ ያልቅና ጠዋት አውሮፕላኑ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። የጀርመን መካኒክ የለመደው ማንቬላ ምንም አይረዳውም። ፕሮፔለሩም ቢሆን የፈረንሳዩ ራቲየ ኤሌክትሪክ ፕሮፔለር ነው፤ እሱም ለመካኒኩ እንግዳ ነው።

ጥይቱስ? በክንፎቹ ላይ ያሉት አራት መትረየሶች የሚጎርሱት 7.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጀርመኑ ጥይት 7.92። በ0.42 ሚሊ ሜትር ልዩነት ምክንያት መጋዘን ሙሉ የጀርመን ጥይት ለዚህ አውሮፕላን ዋጋ የለውም። በፕሮፔለሩ መሀል የሚተኩሰው 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ደግሞ ቀለሁ 110 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የጀርመኑ አውሮፕላን መድፍ፣ የኤምጂ 151/20፣ ቀለህ 82 ነው። ሁለቱም «20 ሚሊ ሜትር» ይባላሉ፤ አንዱ በሌላው አይጎርስም።

ከሁሉ የከፋው ስብራቱ ነው። ማሠልጠኛ ማለት አውሮፕላን የሚሰበርበት ቦታ ነው። ዲ 520 ደግሞ ከመሬት ከነካ በኋላ ጭራው ሊዞርበት የሚወድ፣ ለጀማሪ የማይመከር አውሮፕላን ነበር። ሠልጣኙ ዞሮበት በአፍንጫው ሲተክለው ፕሮፔለሩ ይጣመማል፤ በሥራ ላይ ያለ ሞተር በድንገት ስለቆመም ክራንክ ሻፍቱ ሳይፈተሽ ዳግም መነሳት የለበትም። ስለዚህ ሞተሩ ይወርዳል፣ ይፈታል። መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ጎን ከቆመው ዲ 520! ዛሬ ፕሮፔለሩ፣ ነገ የማረፊያ እግሩ፣ ከነገ ወዲያ ራዲያተሩ ይወሰዳል፤ አንዱን ለማብረር ሌላው አጥንቱ ይቀራል። በቱሉዝ ፋብሪካ የተጀመሩትን ማስጨረሳቸው እውነት ነው፤ የቱሉዝ ሠራተኛ፣ ብረትና ሞተር ግን በነፃ የሚመጣ ነገር ነው? ከዚያም ላይ ወደ 100 የሚጠጉት ለቡልጋሪያ፣ በአስሮች የሚቆጠሩት ለጣሊያን ተሰጡ። ተንታኙ የጠሩት ቁጥር ማሠልጠኛ የደረሰው ቁጥር አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ፤ የፈረንሳይ ጌጆች እንደ ጀርመኖቹ በኪሎ ሜትርና በሜትር ነው የሚለኩት፤ በዚያ ሠልጣኙ አልተቸገረም።

«ችግሯን ፈታች» ማለት ግን ፈጽሞ አይቻልም። የጀርመን ማሠልጠኛ የጎደለው ነዳጅና የበረራ ሰዓት ነበር። እስከ 1942 አንድ አዲስ አብራሪ ወደ ግንባር የሚሄደው 240 ሰዓት ገደማ በርሮ ነው፤ በ1944 አጋማሽ ወደ 110 ወረደ። በሜይ 1944 የሰው ሠራሽ ነዳጅ ፋብሪካዎቹ መደብደብ ሲጀምሩ፣ 636 ሊትር የሚይዝ ታንክ ያለው ምርኮ አውሮፕላን ሜዳ ላይ መደርደሩ ምን ይጠቅማል?

ዲ 520 ለጀማሪ ማስተማሪያ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ ያሳዩት ባለቤቶቹ ፈረንሳዮች ናቸው። በኦገስት 1944 ጀርመኖች ቱሉዝን ሲለቁ የፈረንሳዊው አብራሪ የማርሴል ዶሬ ሰዎች የቀሩትን ዲ 520ዎች አንስተው፣ ጥቁሩን መስቀል በፈረንሳይ ክብ ምልክት ሸፍነው፣ በምዕራቡ ጠረፍ ሮያን ላይ በተከበቡት ጀርመኖች ላይ አዘመቷቸው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የተወሰኑትን አካላቸውን ከፍተው ለአሠልጣኙ ሁለተኛ መቀመጫና ሁለተኛ መሪ ገጠሙላቸው፤ እነዚያ እስከ 1953 በረሩ።