ልቡ ውሃ ለቋጠረ ሰው፦ መርፌ ይቅደም ወይስ የቲቢ መድኃኒት?

ጉዳዩ፦ በሽተኛው ለሳምንታት ሲያተኩሰው ከርሟል፤ ከስቷል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሳ ልቡ ዙሪያ ብዙ ውሃ ታየ። የደም ግፊቱ ደህና ነው። ቲቢ ተጠርጥሯል። ውሃው በመርፌ ሳይቀዳ የቲቢ መድኃኒት ይጀመር?

የሪፈራል ሆስፒታሉ ሐኪም፦ አይጀመር! ካንሰር፣ የኩላሊት ድካም፣ ቫይረስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ልብን ውሃ ያስቋጥራሉ። ኢኮ የውሃውን መጠን ያሳያል እንጂ ከምን እንደመጣ አይናገርም። ሰውየው ስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ ካንሰሩ ይስፋፋል።

የወረዳው ሐኪም፦ እርስዎ ጋ ኢኮ እያየ መርፌ የሚያስገባ ባለሙያ አለ። እኛ ጋ የለም። በግምት የገባ መርፌ ልብን ወይም ጉበትን ሊወጋ ይችላል። ቢቀዳስ? ውሃው ውስጥ ያለው የቲቢ ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ ጂንኤክስፐርት (የቲቢ መመርመሪያ ማሽን) ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። «የለም» ቢለኝም መድኃኒቱን መጀመሬ አይቀርም።

የሪፈራሉ፦ የካንሰር ሴል ግን ሊታይ ይችላል። ደግሞ የዛሬው ደህና ግፊት አያዘናጋዎት። ቀስ ብሎ ከተጠራቀመ ልብ ከአንድ ሊትር በላይ ሊችል ይችላል፤ በድንገት ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ሊገድል ይችላል።

የወረዳው፦ እሱ ላይማ አልከራከርዎትም። ግፊቱ ከወረደ፣ የአንገቱ ደም ስር ከተገተረ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ይቀዳ። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፦ እግሩ አብጧል ብሎ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) መስጠት። ውሃ ያፈነው ልብ እንደምንም የሚሞላው በሚመለስለት ደም ነው። በሽንት ሲቀነስበት ግፊቱ ጭራሽ ይወድቃል።

የሪፈራሉ፦ ፕሬድኒሶሎንስ (ስቴሮይድ መድኃኒት) ይጨምሩበታል?

የወረዳው፦ ለሁሉም አልሰጥም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ደቡብ አፍሪካዊው ቦንጋኒ ማዮሲ የመራው ጥናት 1,400 በሽተኞችን አይቷል። ፕሬድኒሶሎን የልብ ሽፋን ጠጥሮ ልብን እንዳያንቅ ረድቷል፤ ሞትን ግን አልቀነሰም። ኤችአይቪ ባለባቸው ላይ ካንሰር አብዝቷል።

የሪፈራሉ፦ እንግዲያው በመጀመሪያው ቀን ይላኩልኝ። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል የሚላክልኝ በሽተኛ ሽፋኑ ጠጥሮ ይመጣል። ያኔ ቀዶ ሕክምና ነው የቀረው።

የወረዳው፦ የመኪና ያለውን ዛሬውኑ እልካለሁ። የሌለው ግን ገንዘብ እስኪያገኝ ባዶ እጁን አይቀመጥም። የቲቢ መድኃኒት በነጻ ነው፤ እዚሁ ይጀምራል።