የእናታችንን ጥያቄ ማን በላው?

በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ ከእናንተ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ያርፋል፤ እስከዚያው ታገሱኝ።

በኦክቶበር 2021፣ የአገረ ገዥው ምርጫ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። የአንደኛው ዕጩ ተወካይ ሊያነጋግረን መጥቷል፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ወቅቱን አትረሱትም። አገር ቤት ጦርነት ነው፤ ከዋይት ሐውስ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ትእዛዝ ከወጣ አንድ ወር ሆኖታል፤ የሁላችንም ሆድ እየተላወሰ ነው። እናም ማይክሮፎኑን የጨበጠ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ማዕቀብና የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ስለሚገባበት ሕግ ስለ አጎዋ ነበር። እንግዳው በትሕትና ይሰማል፣ ማስታወሻ ይይዛል። አገረ ገዥ ማዕቀብ እንደማይጥልም እንደማያነሳም እሱ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቁ ነበር።

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነሡ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ነጠላ የለበሱ፣ ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ ነጭ የሥራ ጫማቸውን ያላወለቁ ሴት ናቸው። ሥራቸው በየቤቱ እየሄዱ አቅመ ደካሞችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ነው። ከቦርሳቸው የደመወዝ ወረቀት አወጡ፤ ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

«ልጄ፣ ይህን ጠይቅልኝ» አሉኝ። «ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ የሚሠራ ሰው ትንሹ ክፍያው በሰዓት ከ15 ዶላር በላይ ነው። እኔ ድልድዩን ስላልተሻገርኩ 9 ዶላር ከ50 ነው። በጃንዋሪ 11 ዶላር ይሆናል ብለውናል። ከዚያ በኋላ 15 ይገባል የተባለው ግን እንደገና መጽደቅ አለበት አሉ። እኚህ ሰው የሚደግፏቸው ዕጩ ቢመረጡ፣ ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?»

ወገኖቼ፣ በዚያ ምሽት ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ በቦታው የተጠየቀው ይህ ብቻ ነበር። በ2020 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ዝቅተኛውን ክፍያ በደረጃ እያሳደገ 12 ዶላር ካደረሰ በኋላ የኑሮ ውድነትን ብቻ ይከተላል። 13 ከ50 እና 15 ዶላር የሚሉት ቀጣይ ደረጃዎች እንዲጸኑ ምክር ቤቱ ከጁላይ 2024 በፊት እንደገና ሊያጸድቃቸው ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ብዕሩን የሚጨብጠው ደግሞ ያኔ የምንመርጠው አገረ ገዥ ነው። እኚያ እናት ይህን ሁሉ ተረድተውታል። ከረባት ያሰርነው አልተረዳነውም።

አዳራሹ አጉረመረመ። «እማማ፣ ዛሬ የተሰበሰብነው ለአገር ጉዳይ ነው» አለ አንዱ። «የሆድ ነገር በኋላ ይደርሳል» አለ ሌላው፤ የሳቃችሁም ነበራችሁ። አዘጋጁ ወደ እኔ ዞሮ በጣቱ የእጅ ሰዓቱን መታ መታ አደረገ። እኔም ወደ እንግዳው ዞሬ በእንግሊዝኛ «እኚህ እናት ስለመጣችሁ ያመሰግናሉ፤ ይመርቁዎታል» አልኩት።

እንግዳው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው። እሳቸው ከመልሱ በፊት የቀረበ ሰላምታ መስሏቸው አጸፋውን እጅ ነሡ፤ ወረቀቱን እንደያዙም ቆመው መልሱን ጠበቁ። ማይክሮፎኑ ቀጣዩ ሰው እጅ ገብቷል፤ እሳቸው ግን ቆመዋል። ጥቂት ቆይተው ወረቀቱን በዚያው በጥንቱ እጥፋት አጥፈው ተቀመጡ።

በመጨረሻ ለተፈናቃዮች የመዋጮ ቅርጫት ሲዞር፣ እኚሁ እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው 20 ዶላር ከተቱ። ከሁለት ሰዓት በላይ የደከሙበት ነው። ለአገር ጉዳይ ባዳ ተደርገው የተቀመጡት እኚህ ሴት ናቸው!

ኖቬምበር 2 ምርጫው ተካሄደ። ግሌን ያንግኪን ቴሪ ማክኦሊፍን ከ64 ሺህ ባነሰ ድምፅ በለጡ። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ለኮንግረስ አሳወቁ። ያን ሁሉ ምሽት የተከራከርንበት ነገር ከአገረ ገዥው ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። የእናታችን ጥያቄ ግን ነበር። በማርች 2024 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የ15 ዶላር ሕግ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ አገረ ገዥው ውድቅ አደረጉት። በ2025 ተመልሶ ቀረበ፤ ደግመው ውድቅ አደረጉት። ክፍያን ገበያው ይወስን፣ ለሰሜን ቨርጂኒያ የሚስማማው ለሌላው የግዛቱ ክፍል አይስማማም የሚል ምክንያት ሰጡ። ምክንያቱን የምትቀበሉ ትኖራላችሁ፤ መብታችሁ ነው። በእሳቸው ዘመን፣ በ2023 መጀመሪያ፣ ግዛቱ ከምግብ ሸቀጥ ይሰበስበው የነበረው 1.5 በመቶ ግብር ቀርቷል፤ ያም የእናታችንን ዘንቢል ነክቷል፤ ሐቁ መነገር አለበት። ለዚህኛው ፓርቲ ድምፅ ስጡ፣ ለዚያኛው ንፈጉ እያልኩ አይደለም። የምላችሁ አቋማቸውን እንኳ አልጠየቅንም ነው። የጠየቀችንንም አስቀመጥናት።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሰምተን አድገናል። አገራችን የሰው አይደለችም፤ ይህን የሚለኝ ካለ እስማማለሁ፣ በዚያ ዓመት እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም። ግን የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት፣ የአውቶቡሱን መሥመር፣ የታክሲያችሁን ግብር የሚወስነውን ሰው ስም ሳታውቁ ዓመታት ስታሳልፉ ምን ይባላል?

እናንተን መውቀስ ቀላል ነው። እናንተ አጉረመረማችሁ፤ የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ሁለት ቋንቋ የሰጠኝ አምላክ አንዱን ለእኚያ እናት እንዳበድር ነበር፤ እኔ ግን ከአፋቸው ነጥቄ ምርቃት አደረግኩት። ማን አስገደደኝ? የአንድ ሰው ጣት በሰዓት መስታወት ላይ ሲንኳኳ። ያን ያህል ነበር ፍርሃቴ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተውኝ ሦስት ጊዜ ሳሙኝና «ያ ሰውዬ ጨዋ ነበር፤ ሳይመልስልኝ ሄደ እንጂ» አሉኝ። ያን ጊዜም እውነቱን አልነገርኳቸውም። አሁን በእናንተ ፊት ስናገረው ነው የመጀመሪያዬ። ይህን ጽሑፍ ግን ከማንም አስቀድሜ በስልክ አንብቤላቸዋለሁ። ዝም አሉ፤ ቆይተው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ።

ዛሬ ቨርጂኒያ ሌላ አገረ ገዥ አላት፤ አቢጌል ስፓንበርገር በጃንዋሪ 2026 ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። በ2026 መጀመሪያ ዝቅተኛው ክፍያ በኑሮ ውድነት ተሰልቶ 12 ዶላር ከ77 ደረሰ፤ ያኔ ከድልድዩ ማዶ 18 ሊሞላ አምስት ሳንቲም ቀርቶት ነበር። ጥያቄው አላረጀም።

በቅርቡ ደግሞ አዳራሽ እየተያዘ ነው፣ አስተርጉም ተብያለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የእሳቸው ካልሆነ አልመጣም አልኩ። «እናያለን» አለኝ አዘጋጁ። ይህ «እናያለን» የት እንደሚያደርስ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም ደውዬ ነገርኳቸው። ቅዳሜ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሥራ አላቸው።

«ከደረስኩ እመጣለሁ» አሉኝ። «ወረቀቱን ልያዘው?»

ይያዙት አልኳቸው።