ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመሽ

በጥቅምት አጋማሽ፣ የፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሲደርስ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ሰዓት ወደ ኋላ ይዞራል። ቅዳሜ ማታ ተኝታችሁ እሑድ ስትነሡ አንድ ሰዓት በነፃ አገኛችሁ ይሏችኋል። ነፃ ነገር ግን የለም። የዚያኑ ዕለት ጀንበር አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። (ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።) የአውሮፓ ፓርላማ በ2019 እ.ኤ.አ. ይኼ ሰዓት ማዞር ይቅር ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። አገሮቹ ስላልተስማሙ እስከ ዛሬ እናዞራለን።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ታኅሣሥ ላይ ጀንበር የምትወጣው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ የምትገባው ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ። ስድስት ሰዓት የቀን ብርሃን፣ ያውም ደመና ካልጋረደው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለዚህ አልተዘጋጀም። እዚያ የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይመሻል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይነጋል፣ አለቀ። ወቅቱም ራሱ ግራ ያጋባል። አገር ቤት ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ እዚህ ቅጠሉ ረግፎ ጨለማው ይጀምራል።

እኛ ሐበሾች ስለዚህ ወቅት ስናወራ ብዙውን ጊዜ ምሬት ነው። ምሬቱ ይገባኛል። ግን ጥፋቱን ሁሉ በጨለማው ላይ መደፍደፍ ትክክል አይመስለኝም። ግማሹ የቤታችን ጥፋት ነው።

እዚህ ከተማ ገብቼ ያየኋቸው የወገን ቤቶች ይመሳሰላሉ። ጣሪያው መሀል ላይ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ መብራት አለ። ግድግዳው ባዶ ነው። ሶፋው አገር ከሚለቅ ሰው በቅናሽ የተገዛ ነው። መጋረጃው “ለጊዜው” የተሰቀለ ሲሆን፣ ለጊዜው ከተባለ አሥር ዓመት አልፎታል። ኮሪደሩ ላይ ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ሻንጣዎችና ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ አዲሱ ብርድ ልብስ፣ አዲሱ የቡና ስኒ፣ አዲሱ ድስት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሻይ እየቀዳላችሁ ስልኩን ያወጣና ሌላ ቤት ያሳያችኋል። አዲስ አበባ ዳር፣ አያት ነው ወይም ለገጣፎ። ሦስተኛው ወለል ተሞልቷል፣ ሴራሚኩ ተመርጧል። “ቤቴ ይኼ ነው” ይላል።

በዚያኛው ቤት በሁለት ዓመት አንዴ ሦስት ሳምንት ያድርበታል። የጨለማውን ምሽት ሁሉ የሚያሳልፈው ግን በዚህኛው ነው።

አገር ቤት ቤት አትሥሩ ማለቴ አይደለም። እናት ትኖርበታለች፣ የእህት ልጅ ያድግበታል፣ የልፋት ውጤት ነው። የምለው፣ ፎቶ አያሞቅም። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ከተቀመጠ፣ ሌሊቱ ሲረዝም የሚሸሸግበት ያጣል።

ስዊድኖቹን ተመልከቷቸው። ብዙዎቹ ማታ ማታ የጣሪያውን መብራት አያበሩም። ትንንሽ መብራት ጥግ ጥግ ላይ፣ ዝቅ አድርገው ያበራሉ፤ አንዱን መስኮት ላይ ያደርጉታል። ከፈረንጆቹ ገና በፊት አራት እሑድ ሲቀር ደግሞ በየመስኮቱ ሰባት አምፖል የተደረደረበት መቅረዝና የወረቀት ኮከብ ይወጣል። መንገዱ ሙሉ ይበራል። ይኼ የሀብት ጉዳይ አይደለም። መብራቶቹ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች በርካሽ ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ጨለማውን እንደማያሸንፉት ስለሚያውቁ ቤታቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁታል።

ለእኛስ ቤት ውስጥ መክረም አዲስ ነገር ነው እንዴ? ሐምሌና ነሐሴን እናውቃለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ሲጠፋ፣ በቆሎ ከሰል ላይ ሲጠበስ፣ አንድ ጋቢ ለሦስት ልጅ ሲደርስ፣ “እንቆቅልህ” “ምን አውቅልህ” እየተባባልን ሲመሽ። ያኔ ማንም ተነሥቶ “ዛሬ ደስ የሚል ምሽት እናሳልፍ” ያለ የለም። እሳቱ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ሙቀት የፈለገ ሁሉ እዚያው ይመጣል። በቃ።

እዚህ ችግሩ ሙቀቱ በየክፍሉ መኖሩ ነው። ራዲያተሩ ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም እኩል ያሞቃል። የብዙ አፓርትመንት ኪራይ ማሞቂያውን ጨምሮ ስለሆነ ማንም ቆጥቦ አያጠፋውም። ስለዚህ ልጁ በክፍሉ ከጌሙ ጋር፣ ልጅቷ ከስልኳ ጋር፣ አባትየው ከዩቲዩብ ፖለቲካው ጋር ይውላሉ፤ ይቅርታ፣ ያመሻሉ። አንዱ ከአንዱ የሚፈልገው የለም። ብርድ ያሰባስብ የነበረውን ሰው ማሰባሰቢያ ሌላ ምክንያት መፍጠር የእኛ ሥራ ሆኗል። ከክፍሎቹ አንዱን መምረጥ፣ እዚያ ብቻ ለዓይን የሚመች መብራት ማብራት፣ ምግቡንም ቡናውንም እዚያ ማድረግ። ልጆች ደስ የሚል ሽታ ሲሸታቸው ሳይጠሩ ይመጣሉ።

ጨለማው የዋለልን ውለታ ካለ፣ ማታው በጊዜ መጀመሩ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቡና ቢቆላ ውጪው ድቅድቅ ብሏል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ገና አንድ ሰዓት ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ አታውጡ። ይኼን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ አደገኛ ነው። የኮሪደሩን በር ዝጉ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ጭስ መሳቢያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መስኮቱንም ትንሽ ገርበብ አድርጉ። ለዕጣኑ ከከሰል ይልቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማጨሻ ይሻላል። የእንጀራው ሊጥ በብርድ አልነሣ ካለ ደግሞ ራዲያተሩ አጠገብ አሳድሩት።

“በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚባለው እንዲያው አይደለም። የጥቅምት ብርድ ቅቅል ይፈልጋል፤ የስቶክሆልም ጥቅምት ደግሞ እጥፍ ይፈልጋል። ኅዳር 15 የገና ጾም ሲገባ ነገሩ ወደ ሽሮና ምስር ይዞራል። ስዊድኖቹ የመስኮት መብራታቸውን የሚያወጡትም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱም ገናን መጠበቂያ ነው፤ እኛ በሽሮ፣ እነሱ በአምፖል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

“ማታ ማን ቤት አለ?” የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ አረጋውያን የምትንከባከበው፣ ቢሮ የሚያጸዳው ብዙ ወገን ማታ ሥራ ላይ ነው። ግን ጧት ሁለት ሰዓትም ጨለማ ነው። ያቺው መብራት፣ ያቺው ስኒ ለዚያም ሰዓት ትሆናለች።

መብራትና ቡና የማይደርስበት ጉዳይም አለ። ሰው ከአልጋው መነሣት ሲያቅተው፣ እንቅልፉ ሲዛባ፣ ያለምክንያት ሆድ ሲብሰው፣ ያ “ብርዱ ነው” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሐኪም ይፈልጋል። ቅጠል በሚረግፍበትና በብርዱ ወቅት የዚህ አገር ፀሐይ በጣም ዝቅ ስለምትል ቆዳችን ቫይታሚን ዲ አያመርትም ማለት ይቻላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ በበጋውም ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ጤና ጣቢያ ጠይቁ። እኩለ ቀን ላይም ትንሽ ወጣ በሉ። ቤት የሚጣፍጠው ከውጪ ሲገቡበት ነው።

ይኼን ሁሉ ለመጀመር ቀን ለሚፈልግ፣ ኅዳር 12 አለ። አዲስ አበባ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀባት ወዲህ በዚያን ዕለት ሰው ቤቱንና ደጁን ጠርጎ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። እዚህ ምንም አታቃጥሉ፣ እሳት አደጋ ይመጣባችኋል። ኮሪደሩን ግን አጽዱ። ሻንጣዎቹ ምድር ቤት ወዳለው ዕቃ ማስቀመጫ ይውረዱ። ከካርቶኑ ውስጥ አዲሱን ስኒ አውጡና ጠጡበት፤ ለአገር ቤት ሌላ ይገዛል። ጎረቤታችሁ ያለውን ሐበሻ ሳይደውል እንዲመጣ ንገሩት፤ እዚህ አገር ቡና እንኳ ቀጠሮ ሆኗልና። ግድግዳው ላይም አንድ ነገር ስቀሉ። ሌላ ፎቶ ከሌላችሁ የዚያኛው የአገር ቤት ቤታችሁ ፎቶም ይሆናል፤ ምስማሩን ግን የዚህኛው ቤት ግድግዳ ላይ ምቱት።