አስተርጓሚው

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ ቶኪዮ መጡ። ሽሮውን፣ በርበሬውንና ድርቆሹን አራግፈው ሲጨርሱ፣ «በል እንግዲህ አገሩን አሳየኝ» አሉ። ፎቅ አሳየኋቸው። «ፎቅማ ቦሌም ሞልቷል» አሉ። ባቡር አሳፈርኳቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲያዩ ጠጋ ብለው፣ «ማን ሞቶባቸው ነው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ገጠር ልውሰዳቸው አልኩ። ገበሬ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

በፈጣኑ ባቡር ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ከምናምን ተጉዘን አኦሞሪ ደረስን። ከዚያ በተራ ባቡር ሂሮሳኪ ገባን። ጃፓን ከሚያፈራው ፖም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአኦሞሪ ነው። ሂሮሳኪ ደግሞ የፖም መናፈሻ አላት። መግቢያው ነጻ ነው።

«ነጻ?» አሉ አክስቴ ቆም ብለው። «በነጻ የሚያስገባ ሲያስወጣ ነው የሚያስከፍለው።»

ከዛፎቹ ማዶ የኢዋኪ ተራራ ግርማ ሞገሱን ይዞ ቆሟል። የአገሩ ሰው እንደ ታቦት የሚያከብረው ተራራ ነው። በኩራት፣ «ከፍታው 1,625 ሜትር ነው» አልኳቸው። ቦሌ አየር ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። አክስቴ ቁጥሩን ባያውቁትም ትንፋሻቸው ነግሯቸዋል። «ለዚህ ነዋ አየሩ ቆላ ቆላ ያለኝ» አሉ፣ በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

ዛፎቹ መካከል አንዲት ሰማንያ ሳይሞላቸው የማይቀር እናት ቅርጫት ይዘው ተቀበሉን። ስማቸውን አልያዝኩትም። በልቤ እማማ ፖም አልኳቸው።

እዚህ ጋ ስለራሴ ትንሽ ልናገር። አራት ዓመት ጃፓንኛ ተምሬያለሁ። የባንክ ውል አንብቤ እፈርማለሁ። እማማ ፖም አፋቸውን ሲከፍቱ ግን አንድም ቃል አልያዝኩም። የሚናገሩት የጹጋሩን፣ የዚህን አካባቢ ዘዬ ነው። የቶኪዮ ልጆችም አይገባቸውም፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። በዚህ ዘዬ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ «ዶሳ?» ይላል። ሌላው «ዩሳ» ይላል። «ወዴት ነው?» «ወደ ፍል ውሃ» መባባላቸው ነው። በቃ። ብርዱ ነው አፍ የሚያስከድናቸው ይባላል። እኛ በዚያ ጊዜ ገና ከብቱ ደህና ነወይ ላይ ነን።

እማማ ፖም የተቆረጠ ፖም ዘረጉና፣ «ኬ» አሉ።

ስልኬን አውጥቼ መዝገበ ቃላት ፈለግኩ። ጸጉር ይላል።

«ስለ ጸጉር የሚያወሩ ይመስለኛል» አልኩ።

አክስቴ ፖሙን ጎርሰዋል። «ብይ ነው የሚሉኝ። የምን ጸጉር ታመጣብኛለህ በምግብ ላይ!»

ኋላ ሳጣራ እውነትም በዚያ ዘዬ «ኬ» ማለት ብላ ነው። ና ማለትም ነው። ስጠኝ ማለትም ነው። አክስቴ ያጣሩት ዘዬውን አይደለም፣ የሴትየዋን እጅ ነው። ወዲያው በተራቸው አንድ ቁራጭ አንስተው፣ «በሞቴ እናቴ!» ብለው እማማ ፖምን አጎረሱ። ጃፓን ውስጥ ሰው በሰው እጅ ሲጎርስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ክብሬን ለማስመለስ ወደ ታሪክ ዞርኩ። «ይሄ ዝርያ ፉጂ ይባላል፣ በታላቁ ተራራ ስም» አልኩ። አጠገባችን የቆመው ጽሑፍ ግን ዝርያው የተገኘው እዚሁ አኦሞሪ፣ ፉጂሳኪ በምትባል ከተማ ነው ይላል። ማዳቀሉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939፣ ስሙ የወጣለት በ1962 ነው። እናትና አባቱ ሁለቱም የአሜሪካ ዝርያዎች ናቸው።

«ጉድ እኮ ነው» አሉ አክስቴ። «ሰው ልውለድ ብሎ አሜሪካ ይሄዳል፣ እነሱ እዚህ መጥተው ወለዱ?»

ለቀማው ተጀመረ። አክስቴ የመጀመሪያውን ፖም እንደ ዘይቱን ጎተቱት። እማማ ፖም እጃቸውን ቸብ አደረጓቸው። ጣትን ፖሟ በተንጠለጠለችበት ዘንግ ላይ አሳርፎ ፖሟን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ነው እንጂ አይጎተትም፤ ከጎኗ የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ አለ። እዚህ ፖም እንደ አንድ ልጅ ነው የሚያድገው። ፀሐይ የሚከልለውን ቅጠል ይለቅሙለታል። ሁሉም ጎኑ እንዲቀላ በእጅ ያዞሩታል። ከታች ብርሃን የሚመልስ ብርማ ምንጣፍ ያነጥፉለታል።

«እኛ ስምንት ሆነን ስናድግ ማን አዞረን?» አሉ አክስቴ።

በመጨረሻ አንድ የሚገባኝ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከባድ አውሎ ነፋስ መጥቶ የአኦሞሪን ፖም ከመለቀሙ በፊት አረገፈው። ገበሬዎቹ ዛፉ ላይ የቀረችውን ጥቂት «ያልወደቀ ፖም» ብለው ለተፈታኞች በውድ ሸጧት። በጃፓንኛም ፈተና ይወደቃል! ቀልዱ ሳይተረጎም ገባቸው። የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ወዲያው የማይወድቅ ፖም ፍለጋ ቅርንጫፍ መነቅነቅ ጀመሩ። አንዱ ዱብ አለ። «ይሄ ዘንድሮም አያልፍ» ብለው አለፉት። ምንጣፉ ላይ ሆኖ እኔን የሚያየኝ መሰለኝ።

ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ ሰፈር ላሉት አበሾች፣ ለጎረቤቴ፣ አንድም ቀን ሰላም ላላለኝ ለቤት አከራዬ ሳይቀር ለቀሙ። መውጫው ላይ ሚዛን አለ። ክፍያው በኪሎ ነው። አሥራ አንድ ኪሎ።

«አላልኩህም?» አሉ አክስቴ። ከፈልኩ።

ስንብቱ ሩብ ሰዓት ፈጀ። እማማ ፖም ጎንበስ አሉ። አክስቴ ከእሳቸው ዝቅ አሉ። እማማ ፖም እንደገና ዝቅ። አክስቴ በዚህ ከቀጠለ ወገባቸው እንደማይችል ሲያውቁ ሴትየዋን አቅፈው ጉንጫቸውን ሦስት ጊዜ ሳሟቸው። እማማ ፖም ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አድርገው ረጅም ነገር ተናገሩ። ወደ እኔም ጠቆሙ። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ምንም።

«ምን አሉ?» ብዬ አክስቴን ጠየቅኳቸው።

«‹ልጁ ከስቷል፣ አብዪው እንጂ› ነው የሚሉኝ።» ከረጢቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «በል ተሸከም።»