ኮዱ ተቀየረ፣ የሮጠው ግን የድሮው ነው

የአየር ጠባይ የሚያጠኑ ተማሪዎች ወርፍ (WRF) የሚባለውን፣ የአየር ጠባይን በኮምፒውተር የሚያሰላ ሞዴል በደንብ ያውቁታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር የሠራው ነው። አብዛኛው ፎርትራን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፏል፤ ሶርስ ኮዱም ክፍት ስለሆነ ማንም አውርዶ ሊቀይረው ይችላል። የእኛን ክረምት ዝናብ በዚህ ሞዴል የሚያጠኑ ልጆች መኖራቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ግን ኮዱ ከተቀየረ በኋላ ያለውን ኮምፓይል፣ ማለትም የተጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ሊያስኬደው ወደሚችል ፋይል መለወጡን፣ እንደ ተራ የቴክኒክ ጣጣ ማየታችን ነው። የምርምሩ አካል ነው እኮ።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ አለች እንበል። ሞዴሉ ደጋው ላይ ዝናብ እያበዛ አስቸግሯታል። ወርፍ ነጥሎ ሊያያቸው የማይችላቸውን ትናንሽ ደመናዎች በግምት የሚያሰሉ ክፍሎች አሉት። አንዱ ኬይን-ፍሪች ይባላል። የእሱን ፋይል ከፈተች፣ አንድ ቁጥር ቀየረች፣ ሴቭ አደረገች፣ ሞዴሉን አስኬደች። ዝናቡ ንቅንቅ አላለም። «ይህ ቁጥር ለውጥ አያመጣም» ብላ ጻፈች። ቁጥሩ ግን ጭራሽ አልተፈተነም! ኮምፒውተሩ ያስኬደው ቀድሞ ኮምፓይል የተደረገውን ፋይል ነው፤ አዲሱን ጽሑፍ አላየውም።

ኮምፓይል ብታደርግም ነገሩ አላለቀም። የሚሮጠውን ፋይል ወደ ራሷ ፎልደር ኮፒ አድርጋው ከነበረ፣ እዚያ ያለው አሁንም የድሮው ነው። ሬጅስትሪ የሚባለውን የተለዋዋጮች መዝገብ ከነካች ደግሞ ሁሉንም አጽድታ ከዜሮ ኮምፓይል ማድረግ አለባት። የስህተት መልእክቱም ብዙ ጊዜ ኮምፓይል ሲደረግ በሚጻፈው ረጅም መዝገብ (ሎግ) መሀል ተቀብሮ ያልፋል። ሎጉን ከፍቶ «ኤረር» የሚለውን ቃል መፈለግ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ኮምፓይል የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ ራሱ ነው። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በሚገኘው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአየር ጠባይ ስሌቱን ከመሀል ሊያስቀጥል ፈልጎ በ0.506127 ፈንታ 0.506 አስገባ። ውጤቱ ጥቂት ቆይቶ ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ ሆነ። ኮምፓይለር ስንቀይር ወይም ለፍጥነት ብለን ኦፕቲማይዜሽኑን ከፍ ስናደርግ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለወጡ ይችላሉ። እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ የታየው የዝናብ ልዩነት ከተማሪዋ ቁጥር ይሁን ከኮምፓይለሩ በምን ይለያል? ያልተነካውን ኮድ በዚያው ኮምፓይለር፣ በዚያው ምርጫ ኮምፓይል አድርጎ ጎን ለጎን ከማስኬድ ሌላ መንገድ የለም።

ጊዜ የለም፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰርቨሩ የጋራ ነው የሚባለው እውነት ነው። ወርፍን ከዜሮ ኮምፓይል ማድረግ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊወስድ ይችላል። ለሳምንታት በሚሮጥ ስሌት ፊት ግን ይህ ምንም አይደለም።

ስለዚህ አማካሪዎችን የምለምነው አንድ ገጽ ነው። የሞዴሉ ቨርዥን፣ የተቀየሩት መስመሮች፣ የኮምፓይለሩ ስምና ቨርዥን፣ የተመረጡት ኦፕሽኖች በመመረቂያ ጽሑፉ አባሪ ውስጥ ይግቡ። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊት የሚባል ፕሮግራም የሚጠቀም ተማሪ የቀየራቸውን መስመሮች በአንድ ትእዛዝ ያወጣቸዋል። ዲፌንስ ላይም አንድ ፈታኝ «ያልተቀየረው ኮድ ውጤት የታለ?» ብሎ ይጠይቅ። ዘንድሮ አንዱ ከተጠየቀ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ሳይጠየቁ ይዘውት ይመጣሉ።